ቀይ መብራት ማንን ያቆማል?

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ባለችው መንጌ መንገድ ለመሻገር መብራት የሚጠብቅ ሰው የለም። ግራ ቀኙን ያያል፣ የባጃጁን ድምፅ ያዳምጣል፣ የጭነት መኪናው አቧራ በየት በኩል እንደሚነሣ ይገምታል፣ ከዚያ ይሻገራል። ለትምህርት ወይም ለሕክምና ወደ አሶሳ ወርዶ፣ ከዚያም 660 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ የመንጌ ሰው ግን አንድ ቀን ሦስት ቀለም ከያዘ ምሰሶ ሥር መቆሙ አይቀርም። የሚነገረው ምክር አጭር ነው፤ ቀይ ሲሆን ቁም፣ ቢጫ ሲሆን ተዘጋጅ፣ አረንጓዴ ሲሆን ሂድ። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ያ ምሰሶ አንድም መኪና የማቆም ኃይል እንደሌለው አይናገርም። መኪናውን የሚያቆመው የሹፌሩ እግር ነው። ስለዚህ መብራቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲጣስም ሰው እንዴት እንደሚሞት ከሥሩ ማወቅ ሕይወት ያተርፋል።

በመስቀለኛ መንገዱ አንድ ጥግ ላይ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው የሚያልፈው የብረት ሳጥን አለ። የመብራቱ አእምሮ እሱ ነው። ዋና ሥራው ሰከንድ መቁጠር ነው፤ ለዚህ አቅጣጫ 35፣ ለዚያኛው 25፣ ለእግረኛው 15 እያለ ዙሩን ይጨርስና እንደገና ይጀምራል። ዘመናዊው ዓይነት አስፋልት ውስጥ በተቀበረ ሽቦ ወይም በካሜራ የመኪናውን ብዛት እየለካ የእያንዳንዱን ድርሻ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። ሳጥኑ ውስጥ ሌላ ክፍልም አለ፤ የእሱ ሥራ ጥበቃ ብቻ ነው። እርስ በርስ በሚቆራረጡ ሁለት አቅጣጫዎች ላይ አረንጓዴ በአንድ ጊዜ ቢበራ ይህ ክፍል ወዲያው መደበኛውን ሥራ ያቋርጥና መብራቶቹን ብልጭ ድርግም ያሰኛቸዋል። መሐንዲሶቹ ለማሽኑ ስሕተት ይህን ያህል ተጠንቅቀዋል። ለሹፌሩ ስሕተት ግን እንዲህ ያለ ክፍል የለም።

ነገሩ የቦኖ ውሃ ተራን ይመስላል። ጀሪካን በሰልፍ ሲደረደር ማንም ዘበኛ ሳይቆም ሥራው የሚሄደው ሁሉም ተራውን ስለሚያምን ነው። መብራቱም እንዲሁ ያድላል፤ የሚያድለው ግን መንገዱን ሳይሆን ጊዜን ነው። አስፋልቱ አንድ ነው፤ እነዚህ 35 ሰከንዶች የእኔ ናቸው፣ ቀጥሎ ያሉት ያንተ። ቀይ የጣሰ ሹፌር ለሌላ ሰው በተሰጠ ሰከንድ ውስጥ ይገባል፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ሰከንዱ የራሱ መሆኑን አምኖ እየመጣ ነው።

ይህን ረጋ ብለን እንየው፤ የአደጋው ምሥጢር ያለው እዚህ ነው። መብራት በሌለበት መገናኛ፣ ለምሳሌ የመንጌ መንገድ ከገበያው መውጫ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ የሚመጣው ሁሉ ይጠራጠራል። ሹፌሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ክላክስ ያሰማል፣ እግረኛው አንገቱን ያዞራል። ጥርጣሬው ራሱ ጥበቃ ነው። መብራት ሲተከል ይህን ጥርጣሬ ያነሣልናል፤ የተተከለውም ለዚህ ነው። አረንጓዴ ያየ ሹፌር ወደ ጎን አያይም፣ እግሩን ከነዳጅ ላይ አያነሣም። ሰዎች ጥንቃቄያቸውን ለመብራቱ አደራ ከሰጡ በኋላ መብራቱ ሲጣስ ማንም ያልተዘጋጀበት ግጭት ይመጣል። ማንም የማያከብረው መብራት ጨርሶ መብራት ከሌለበት መንገድ ይከፋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚሞተውም ሁልጊዜ ጥሰቱን የፈጸመው ሰው አይደለም። በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ወጪ የሚተዳደረው የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያ አገር ቀይ መብራት በመጣስ በደረሱ ግጭቶች 1,149 ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ እግረኞች፣ ብስክሌት ነጂዎችና በሌላ ተሽከርካሪ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ምንም ያላጠፉ፣ ተራቸውን የጠበቁ።

አሁን ወደ ቢጫው እንምጣ፤ ከሦስቱ ቀለማት በጣም ያልተረዳነው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ለንደን ውስጥ በፓርላማው ፊት ለፊት የተተከለው የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት በጋዝ የሚሠራ ነበር፤ ቀለሙም ቀይና አረንጓዴ ብቻ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈንድቶ የሚያንቀሳቅሰውን ፖሊስ አቆሰለ። እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ መብራትም ሁለት ቀለም ብቻ ነበረው፤ ቀለሙ ሊቀየር ሲል በጩኸት ያስጠነቅቅ ነበር። ሦስተኛውን ቀለም ጨምሮ መብራቱን ለአራት አቅጣጫ ያዋለው ዊሊያም ፖትስ የተባለ የዲትሮይት ፖሊስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920። መንገድ ላይ ቆሞ የሚውል ፖሊስ አንድ ነገር ያውቃል፤ እየሮጠ ያለ መኪና ባለበት ቀጥ አይልም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ ቢጫውን አይቶ፣ ወስኖ፣ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዞር አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ 14 ሜትር ሄደ ማለት ነው። ተሳፋሪ ሳያንገጫግጭ በለሰለሰ ፍሬን ለመቆም ደግሞ 32 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በድምሩ 46 ሜትር። ቢጫው ለሦስት ሰከንድ የሚበራ ከሆነ፣ ያው መኪና ሳይቆም ቢቀጥል በሦስቱ ሰከንድ 42 ሜትር ይሄዳል። እንግዲህ ቢጫው ሲበራ ከመቆሚያው መስመር 44 ሜትር ላይ ያለ ሹፌር ተመችቶት መቆምም አይችልም፣ ቀይ ሳይበራበት መስመሩን ማለፍም አይችልም። ይህን ወጥመድ እ.ኤ.አ. በ1960 ሦስት ተመራማሪዎች፣ ጋዚስ፣ ኸርማንና ማራዱዲን፣ በሒሳብ ቀመር አሳይተውታል። ቢጫው ለመንገዱ ፍጥነት በሚበቃ ልክ ካልተሠራ በጎ ሹፌርም ይጠመድበታል።

በ50 ኪሎ ሜትር የወጥመዱ ርዝመት አራት ሜትር ብቻ ነው፤ ጠንከር አድርጎ ፍሬን የያዘ ያመልጠዋል። ፍጥነቱ 70 ሲሆን ግን በለስላሳ ፍሬን መቆም ከሹፌሩ የውሳኔ ሰከንድ ጋር 82 ሜትር ያህል ይጠይቃል፣ በሦስት ሰከንድ የሚኬደው 58 ሜትር ነው፤ ወጥመዱ ወደ 24 ሜትር ሰፋ ማለት ነው። «ቢጫው ድንገት በራብኝ» የሚል ሹፌር አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ድንገተኛ ያደረገው ግን የራሱ ፍጥነት ነው። በዚያ ላይ የአሶሳን ረጅም ክረምት ጨምሩበት። የረጠበ አስፋልትና ያለቀ ጎማ በአስቸኳይ ፍሬን የሚቆሙበትን ርቀት እጥፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። አሸዋ የጫነ ሲኖ ትራክም የአየር ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላ እስኪይዝ የሰከንድ ክፋይ ይዘገያል፤ ግማሽ ሰከንድ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሰባት ሜትር ነው፤ ከብዙ ዜብራዎች ስፋት ይበልጣል።

ስለዚህ «ቢጫ ማለት ተዘጋጅ» የሚለው አባባል መስተካከል አለበት። ከአረንጓዴ በኋላ የሚመጣ ቢጫ ትርጉሙ «በሰላም መቆም ከቻልክ ቁም» ነው። «ፍጠን» ማለት በፍጹም አይደለም።

ከቢጫው በኋላ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ የጥበቃ ጊዜ አለ። በአግባቡ በተሠራ መገናኛ ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ሁሉም አቅጣጫ ቀይ ይሆናል። መሐል የቀረ መኪና እንዲወጣ የተተወ ጊዜ ነው። 25 ሜትር ስፋት ያለውን መገናኛ አምስት ሜትር የሚረዝም መኪና በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጠርጎ ለመውጣት ሁለት ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። በቢጫው መጨረሻ የገባ በዚህ ጊዜ ይድናል። ቀዩ ከበራ ሁለት ሰከንድ በኋላ የገባ ግን መሐል ሲደርስ ከጎን አረንጓዴ በርቷል። ከቆመበት የሚነሣው መኪና ቀስ ብሎ ስለሚጀምር ምናልባት ይተላለፉ ይሆናል። አስፈሪው ከሩቅ አረንጓዴውን አይቶ ፍጥነቱን ሳይቀንስ የሚመጣው ነው። ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ደግሞ መብራቱ ላይ ያለው የሰከንድ ቆጣሪ ወደ ዜሮ ሲወርድ እያዩ አረንጓዴው ሳይበራ ይነሣሉ። አንዱ ዘግይቶ ይገባል፣ ሌላው ቀድሞ ይነሣል፤ ያቺ ለሁሉም የተተወች የሁለት ሰከንድ ጥበቃ ከሁለቱም ወገን ትበላለች።

የግጭቱ አቅጣጫም ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ፊት ለፊት የተጋጨ መኪና በሞተሩ በኩል አንድ ሜትር ያህል ሊጨማደድ የሚችል ብረት አለው፤ ያ ብረት እየታጠፈ ኃይሉን ይቀበላል። ቀይ የጣሰ መኪና ግን የሚመታው ከጎን ነው። በተሳፋሪው ትከሻና በውጪው ቆርቆሮ መካከል ያለው አንድ ስንዝር ገደማ ነው። በሚኒባስ ተንሸራታች በር አጠገብ ያለ ቀበቶ የተቀመጠውን ሰው አስቡት። ባጃጅ ደግሞ በር የለውም፣ ጎኑ ሸራ ነው፤ ባዶ ክብደቱም ከ400 ኪሎ ግራም ብዙ አይበልጥም። ተጭኖ 25 ቶን ከሚመዝን መኪና ጋር ሲገናኝ ሚዛኑ አንድ ለስልሳ ነው። በሦስት ጎማ የቆመ ስለሆነ ከጎን ሲገፋ ለመገልበጥ ቀላል ነው። የፍጥነት ጉዳትም እንደምናስበው በዝግታ አይጨምርም፤ ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲወጣ የግጭቱ ጉልበት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በዜብራ ላይ የሚሻገር ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ያህል ይራመዳል ተብሎ ነው የእግረኛው መብራት የሚሰላው። 14 ሜትር የሚሰፋ መንገድ ለመሻገር 12 ሰከንድ ያስፈልገዋል። ልጅ ያዘለች እናት፣ ምርኩዝ የያዙ አባት፣ ከገጠር መጥታ ይህን ሁሉ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች ልጅ ግን በዚያ ፍጥነት አይሄዱም። ለእነሱ ያው መንገድ 17 ወይም 18 ሰከንድ ይፈጃል። የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች የሚያሳልፉት ቀጣዩ አቅጣጫ ለመነሣት ሞተሩን እያስጮኸ በሚጠብቅበት ሰዓት ነው።

ለምን ይጣሳል? ስንፍና ወይም ክፋት ብቻ ነው ብሎ መዝጋት አይበቃም። የቀን ገቢ ለባለንብረቱ ማስገባት ያለበት ሹፌር እያንዳንዱን ቀይ እንደ ቀነሰ ገንዘብ ያየዋል። ብዙዎች ደግሞ የሚከተሉት መብራቱን ሳይሆን የፊተኛውን መኪና ነው፤ አንዱ በቢጫው ጫፍ ሲያልፍ ሁለተኛው ይከተለዋል፣ ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ በቀይ ይገባል። አንድ ልማድ ደግሞ በአዲስ አበባ ይታያል። መጨናነቅ ሲበዛ ትራፊክ ፖሊስ መሐል ቆሞ በእጁ ያስተናግዳል፤ በሕጉም የፖሊሱ ምልክት ከመብራቱ ይበልጣል። ፖሊሶቹ ፀሐይና ዝናብ ላይ ቆመው የሚሠሩት ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም በቀይ «እለፍ» ሲባል የከረመ ሹፌር ዓይኑን ከመብራቱ ነቅሎ በፖሊሱ ላይ ይተክላል። ማታ ፖሊሱ ሲሄድ መብራቱ ብቻውን ይቀራል፤ የሚያየው የለም፤ መንገዱ ክፍት ስለሆነ ፍጥነቱም ከቀኑ ይበልጣል።

ኤሌክትሪክ ሲጠፋስ? የጠፋ መብራት አረንጓዴ አይደለም። ሁሉም አቅጣጫ ቁም እንደተባለ ቆጥሮ ቆም ብሎ፣ ተያይቶ፣ በተራ ማለፍ ነው። የሚያሳዝነው፣ በተግባር የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ትልቁ መኪና መሆኑ ነው።

መፍትሔው ቅጣት ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ቅጣት ግን ሥራ አለው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 208 ጥፋቶችን በደረጃ ከፍሎ፣ ከገንዘቡ በተጨማሪ በመንጃ ፈቃዱ ላይ የሚመዘገብ የጥፋት ነጥብ አምጥቶ ነበር፤ በዚያ ደንብ ነጥቡ ሲጠራቀም ፈቃዱ ይታገድ ነበር። ካሜራም ይረዳል። ከላይ የጠቀስኩት ተቋም በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ባደረገው ጥናት፣ የቀይ መብራት ካሜራ ያላቸው ከተሞች ካሜራ ከሌላቸው ይልቅ በቀይ ጥሰት የሚደርስ ገዳይ ግጭታቸው በሕዝብ ብዛት ሲሰላ በ21 በመቶ ያነሰ ነበር። ካሜራቸውን ያጠፉት ላይ ደግሞ አደጋው በ30 በመቶ በለጠ። ሹፌሩ የሚፈራው የቅጣቱን ብዛት ሳይሆን የመያዙን እርግጠኝነት ነው።

የመንገዱ ቅርጽ ግን ከሁሉም በላይ ይናገራል። አዲስ አበባ ላይ በ2009 ዓ.ም. የለገሃር መስቀለኛ መንገድ በቀለምና በቀላል ማገጃ ብቻ እንዲለወጥ ተደርጎ ነበር፤ ማዕዘኖቹ ወደ ውስጥ ገፍተው ለእግረኛ ቦታ ሆኑ፣ መሻገሪያው አጠረ፣ የሚታጠፈው መኪና ቀስ እንዲል ተገደደ። ብዙ ብር ያልፈሰሰበት ሥራ ነው። መሻገሪያ ሲያጥር እግረኛው በመኪና ፊት የሚያሳልፈው ሰከንድም ያጥራል።

ለአሶሳና እንደ መንጌ ላሉ በማደግ ላይ ያሉ ከተሞች የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። ከመብራት በፊት አደባባይ ይታሰብ። አራት መንገድ በተገናኘበት ተራ መስቀለኛ ላይ የመኪና መስመሮች እርስ በርስ የሚነካኩባቸው ነጥቦች 32 ናቸው፤ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ ስምንት ብቻ። አደባባይ ላይ ማንም በቀጥታ ሊበር አይችልም፤ መሐል ያለው ክብ ራሱ ፍጥነት ያስቀንሰዋል፣ ቢጋጩም በሰያፍ ይነካካሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ጎን በቀጥታ አይመታም። ኤሌክትሪክ ሲጠፋም ሥራውን አያቆምም። አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንድ አደባባዮች ፈርሰው በመብራት የተተኩት የመኪናው ብዛት ከአደባባዩ አቅም በላይ ስለሆነ ነው፤ መንጌ እዚያ አልደረሰችም። በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ በር ደግሞ በሚገባ የተሠራና በቀለም የተለየ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሃያ አራት ሰዓት ዘብ ይቆማል።

እስከዚያው መብራት ወዳለበት ከተማ ለምትሄድ ልጅ የምንነግረው ምክር ይሙላ። የእግረኛው አረንጓዴ ምልክት ሲበራ ወዲያው አትግቢ፤ ሁለት ሰከንድ ጠብቂ። የቅርቡ መኪና መቆሙ አይበቃም፤ ከኋላው በሌላው መስመር የሚመጣ ላያይሽ ስለሚችል፣ መኪናውን አልፈሽ ከመውጣትሽ በፊት አንገትሽን አውጥተሽ እዪ። የሹፌሩን ፊት ሳይሆን ጎማውን ተመልከቺ፤ ጎማው መቆሙን እንጂ ሐሳቡን ማመን አይቻልም። ሹፌር ለሆነው ወንድሟ ደግሞ፤ ከሩቅ ጀምሮ አረንጓዴ የነበረ መብራት ሊቀየር እንደተቃረበ ቁጠረው፣ እግርህን ከነዳጁ አንሣና ፍሬኑ ላይ አሳርፍ። አረንጓዴ በርቶልህ ስትነሣም ግራ ቀኝ እይ፤ በተለይ ከጎንህ የቆመ ትልቅ መኪና የሚመጣውን ከሸፈነብህ እሱ ሳይነሣ አትነሣ።

በሠፈራችሁ መገናኛ ላይ መብራት ከተተከለም በስልክ የሰዓት ቆጣሪ ቀዩን፣ ቢጫውንና የእግረኛውን ጊዜ መለካት ማንም ይችላል። ቢጫው ከሦስት ሰከንድ ካነሰ፣ ወይም በሠፈሩ ያሉ አንዲት አሮጊት በራሳቸው እርምጃ መንገዱን ሳይጨርሱ የእግረኛው መብራት ከቀላ፣ ቁጥሩን ጽፎ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ማስገባት ነው። ለማስተካከል አስፋልት መቆፈር አያስፈልግም፤ ባለሙያ ያንን የብረት ሳጥን ከፍቶ ሰከንዱን ይጨምራል።